ከግቢ ጥግ እስከ ቸርችል ዳገት፦ ሞተር ሳይክልን በቤት አፍርሶ በራስ ልክ መሥራት

ሞተር ሳይክል በራሱ ልክ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሚነቅለውን ነው። ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ይውጣ፣ ወንበሩ ይጠር፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይቆረጥ ይላል፤ በስልኩ ያየው ምስል እንደዚያ ነውና። ያ ቅርጽ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ለመሽቀዳደም ሞተራቸውን ሲያቀሉ ነው። እኛ የምንነዳው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች፣ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁባት፣ ክረምቷ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሥራውን ያላወቃችሁትን ዕቃ አትንቀሉ፣ የምትለውጡትንም ለምትሄዱበት መንገድ ብላችሁ ለውጡ።

የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር በሆነች ጥግ ነው። ሁለት ሞተር ሳይክሎችን አፍርሼ የገጠምኩት እዚያች ጥግ ላይ ነው። ሰፊ ጋራዥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዝናብ የማያስገባ ክዳን፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍት ቦታ፣ ጥሩ መብራትና የጎረቤት በጎ ፈቃድ ነው።

በቅድሚያ ወረቀቱ

አንድ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሊብሬውን አውጡና ከሞተሩ ጋር አስተያዩ። የሻንሲው (የዋናው የብረት አካል) ቁጥር ብዙ ጊዜ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በሞተሩ የታችኛው አካል ላይ ተቀርጿል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር በፊደልም በቁጥርም ካልተመሳሰሉ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ። ቁጥሮቹን ወዲያውኑ ፎቶ አንሡ፤ ቀለም በምትቀቡበት ጊዜም በፕላስተር ሸፍኗቸው። የሻንሲ ቁጥር ላይ ሞረድም ግራይንደርም አይጠጋም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሎ መንዳት በፈቃድ እንዲሆን አድርጓል። ሞተራችሁ በከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ የሚችል መሆኑን በምትሠሩበት ጊዜ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ሕጉ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሊብሬው ላይ ቀለምና የሞተር ቁጥር ስለሚሰፍር፣ ቀለም ለመቀየርም ሆነ ሌላ ሞተር ለመግጠም ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁ። ሰዎች ይህን ወደ መጨረሻ ይገፉታል። ከዚያ ያለቀለት ውብ ሞተር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። እንዲህ የቀረ ሞተር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

የትኛውን ሞተር?

ለመጀመሪያ ሥራ የሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ያለው ሞተር ሳይክል እመክራለሁ። ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ጥገና በቀላሉ በማይገኝበትና ጭነት በሚበዛበት አገር እንዲያገለግል አስቦ ነው። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በካቴና ሳይሆን በመግፊያ ዘንግ ስለሆነ የሚላላ የካም ካቴና የለውም። በኋላም በርካታ የቻይና ፋብሪካዎች አስመስለው ሠርተውታል፤ ፒስቶኑ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ የፍሪሲዮን ሸራው መርካቶ ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የቆዩት የመሥሪያ ቤት ያማሃዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ነገር ግን ዕቃቸውን ፍለጋ ብዙ መንከራተት አለባችሁ።

ስትገዙ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ለማየት ጠይቁ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የመርገጫ ማስነሻውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊሰማችሁ ይገባል፤ እንደ ቅቤ ከወረደ ፋሻው ወይም ቫልቩ ደክሟል። ከተነሣ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ጥቁሩ በቀላሉ ይስተካከላል። ሰማያዊው ገንዘብ ያስወጣል።

ቦታውና መሣሪያው

8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር መፍቻ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ መዶሻ፣ መልቲሜትር፣ በቀጫጭን ቅጠል የተሠራ የክፍተት መለኪያና አንድ ጠንካራ ሞርሳ ጨምሩ። ካቻቢቴ ላይ ግን ላቆያችሁ። በጃፓን ሞተሮችና እነርሱን አስመስለው በተሠሩት ላይ ያለው ባለ መስቀል ቪቴ በጃፓን ደረጃ የተቆረጠ ነው፤ ተራው ካቻቢቴ እስከ ታች ስለማይገባ ይንሸራተትና የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ለዚህ የተሠራውን ካቻቢቴ ፈልጉ፣ ካልተገኘም በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ተጠቀሙ። በየሰፈሩ የምናያቸው የተቦጨቁ የሞተር ሽፋኖች ብዙዎቹ እንዲህ የሆኑት በካቻቢቴ ስህተት ነው።

እሳትን በተመለከተ ቃሌ ጥብቅ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ራቅ ወዳለ ፍም ይደርሳል። የእኛ ግቢ ደግሞ ቡና የሚፈላው በከሰል ነው። አንድ ከሰዓት ታንከሩን ላራግፍ ስል ጎረቤቴ ጀበናዋን ጥዳ አየሁና «እትዬ፣ ቤንዚን ልቀዳ ነው፤ ማንደጃውን ትንሽ ወዲያ ያድርጉልኝ» አልኳት። «ኧረ ልጄ፣ ቤንዚኑ ይቆይ፤ ቡናው አይቆይም!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤንዚን የምነካው ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ ምንም እሳት ሳይኖር ነው። ዕቃ ለማጠብም ቤንዚን ሳይሆን ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ተጠቀሙ፤ እርሱንም ከእሳት አርቁ።

መፍታት

መፍታት የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል። ሦስት ቀን ስጡት። እያንዳንዱን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፣ በተለይ የሽቦና የኬብል መተላለፊያዎችን። የፈታችሁትን ብሎን ከነራንዴላውና ከነዳዶው በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ የወጣበትን ቦታ ጻፉበት። ለሞተሩ የጎን ሽፋኖች የተለየ ዘዴ አለ፤ የሽፋኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑን በስታችሁ ሰኩት። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቅ ይችላል።

የዛገ ብሎን ግን ትዕግሥትን ይፈትናል። የመጀመሪያውን ሞተር ስፈታ ማርሚታውን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚይዘውን ብሎን ማታ፣ ደክሞኝ፣ በረጅም መፍቻ ታገልኩት። በመጀመሪያ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ነበረው። ቀጥሎ ድምፁ ጠፋና መፍቻው እንደ ጎማ ለስለስ አለ። እየተፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ብሎኑ ግን እየተጠመዘዘ ነበር፣ ወዲያው ቴስታታው ውስጥ ተቆርጦ ቀረ። በማግሥቱ ይዤው የሄድኩበት የቶርኖ ባለሙያ ትክክለኛ መሐሉን ነጥቦ፣ በቀጭን መብሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያሰፋ አወጣልኝ፤ ሲጨርስም «ወንድሜ፣ ብረቱ ሲጮህ አትፍራ፤ ዝም ሲል ግን እጅህን አንሣ» አለኝ። ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቼ አሳድራለሁ፣ አካባቢውን አሞቃለሁ፣ ከዚያም ሩብ ዙር ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት። ማሞቁ ታንከሩና ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ከግቢው ሳይወጡ አይደረግም።

ሻንሲው

ዕቃው ሁሉ ሲወርድ ሻንሲውን በናፍጣና በብሩሽ አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ እያንዳንዱን የብየዳ መስመር ተከተሉ፤ በተለይ የመሪውን አንገት፣ ሾክ አብዞርበሩ የሚታሰርበትን ቦታና የእግር ማሳረፊያውን። ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች የዝገት መስመር ሆና ትታያለች። እንዲህ ያለ ነገር አንገቱ ላይ ካገኛችሁ ለጎበዝ በያጅ ስጡ። ራሳችሁ ብየዳ እየተማራችሁ ከሆነ ልምምዱ ምናለሽ ተራ በሚገኝ ቁርጥራጭ ቱቦ ላይ ይሁን።

መቁረጥን በተመለከተ፣ ከላይኛው የሾክ አብዞርበር ማሰሪያ በስተፊት ያለውን ምንም ነገር አትቁረጡ። ክብደት የሚሸከመው ያ ነው። ከእርሱ በስተኋላ ያለውን የወንበር ጭራ ማሳጠርና ጫፉን በታጠፈ ቱቦ መዝጋት ይቻላል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ወንበሩን በካርቶን ሠርታችሁ አስቀምጡና ሾክ አብዞርበሩ እስከ መጨረሻ ሲወርድ ጎማው የት እንደሚደርስ ለኩ። ጎማው ወንበሩን ሳይነካ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት።

ቀለም በክረምት አይቀባም። አየሩ እርጥበት ሲይዝ በቶሎ የሚደርቀው የናይትሮ ቀለም ነጭ ጉም ይለብሳል፤ ቀለሙም ቶሎ ይላጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ተመራጭ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ አውርዱ፣ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ስቱኮ ካስፈለገም በስሱ። ቀለሙን ብዙ ጊዜ በስሱ መደራረብ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይሻላል። ጭንብል አድርጉ፤ የጎረቤት ልብስ የተሰጣበትን ቀንም አትምረጡ።

ታንከሩ ውስጡ ከዛገ ቤንዚኑን አራግፋችሁ፣ ተኑ እስኪለቅ አጥባችሁ፣ አቼቶ ሙሉና አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። ጥቂት ንጹሕ ዳዶዎች ጨምሮ መነቅነቅ ዝገቱን ያራግፋል፤ ስታወጧቸው መቁጠር አትርሱ። በውኃ በተሟሟ ቤኪንግ ሶዳ አለቅልቃችሁ ወዲያውኑ አድርቁና ጥቂት ዘይት አዙሩበት፤ ሳይደርቅ ካደረ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል። ቤንዚን ይዞ የነበረ ታንከር ላይ ግን ብየዳ በግቢ ውስጥ አይሞከርም። ባዶው ታንከር ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው።

መቆም የሚችል ሞተር

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፍሬንና ለጎማ አውሉት። የፍሬኑን ታምቡር ስትከፍቱ ውስጡ ያለውን ትቢያ በአፍ እፍ አትበሉት፤ አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሸራው ከሳሳ ወይም ዘይት ከጠጣ ይቀየር፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይመለስም። የታምቡሩ ውስጥ በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ ቶርኖ ቤት ይለሰልሳል፤ ታምቡሩ ላይ ከተቀረጸው ከፍተኛ ስፋት እንዳያልፍ ግን ለባለሙያው ንገሩት።

የጎማውን ራጂዎች (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) አንድ በአንድ በመፍቻ ነካ ነካ አድርጋችሁ አዳምጡ። የጠበቀው ይዘምራል፣ የላላው ዱብ ይላል። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ በጣታችሁ ስታዞሩት አሸዋ ያለበት ያህል ከተሰማችሁ ቀይሩት። መሪው አንገት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች ሲፈታ ይበተናሉ፤ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ ቁጠሯቸው፣ ቁጥሩንም ጻፉ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን የተሠራበትን ጊዜ እዩ፤ አራት አሃዝ ካለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። የውስጡን ካላማዳሪም አብራችሁ ለውጡ።

ሞተሩ

ኃይሉ ደህና ከሆነ ሞተሩን እስከ ኮሎ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) ድረስ አትፍቱት። ዘይት ቀይሩ፣ ማጣሪያውን አጽዱ፣ የሚያፈስ ጓርኒሲዮን (በሁለት አካል መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ካለ ተኩ፣ ከዚያ የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክሉ። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ይደር። ካንዴላውን አውጡ። ሜካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ የወረሱት ይህ ቃል ሻማ ማለት ነው፤ እሳቱን ለሚለኩሰው ዕቃ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። የማግኔቱን መሸፈኛ ክፈቱና በማግኔቱ ላይ ያለችው «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል መስመር ከአካሉ ምልክት ጋር እስክትገጥም በመፍቻ አዙሩ። አሁን ሁለቱን ቢላንቸሪዎች (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) በጣት ነካ ነካ አድርጉ። ሁለቱም ጥቂት ከተነቃነቁ ፒስቶኑ በትክክለኛው ቦታ፣ አየሩን አምቆ ላይ ወጥቷል። አንዱ ከጠበቀ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። በሲጂ 125 ክፍተቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተ ሞተር መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እርሱን ያዙ። ቅጠሉን በቢላንቸሪውና በቫልቩ ጫፍ መካከል አስገቡ። ስትስቡት መጽሐፍ እንዳሳረፋችሁበት ወረቀት ትንሽ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። ማስተካከያውን በአንድ እጅ ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱን ይለውጠዋልና። እኔ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። ክፍተቱ ሲሰፋ ቫልቩ ይንጣጣል፤ ሲጠብ ደግሞ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ስለዚህ ጥቂት የሚንጣጣ ሞተር ፍጹም ጸጥ ካለው የበለጠ ያረጋጋኛል።

ካርቡራቶርና የከተማችን ከፍታ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለእኔ ግን የአዲስ አበባ ሞተር ከሌላው የሚለየው እዚህ ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ማስቀረት የሚቻለው በላዩ ላይ የሚጨመረውን ጥፋት ነው፦ ለባሕር ጠለል ተመጥኖ የመጣ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ቤንዚኑም ያለ ጥቅም ይቃጠላል።

መፍትሔው ጄት የሚባለው፣ ቤንዚን የሚያልፍበት፣ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። ካርቡራቶሩን አውርዱ፣ የታችኛውን ጽዋ ክፈቱ፣ ተንሳፋፊውን በጥንቃቄ አውጡና መሐል ላይ ያለውን ትልቁን ጄት ፍቱ። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በእኛ ከፍታ ከፋብሪካው ቁጥር አምስት በመቶ ገደማ ማሳነስ ጥሩ መነሻ ነው፤ 100 ከሆነ 95 ሞክሩ። ቀዳዳውን ለማጽዳት ሽቦ አታስገቡ፤ በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ ልኩን ይለውጠዋል። በካርቡራቶር ማጽጃና በአየር ግፊት ይጸዳል።

ውጤቱን የምትነግራችሁ ካንዴላዋ ናት። ሞተሩን አሙቁ፣ ለምሳሌ እሑድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን ከለገሐር ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ነዳጁን ከፍ አድርጋችሁ ውጡ። ላይ ስትደርሱ ዳር ይዛችሁ አጥፉና፣ ሲበርድ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። እንደ ጥቀርሻ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ አሁንም በዝቷል። የተቆላ ቡና በጅማሮው የሚይዘውን ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልኩን አግኝታችኋል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ በዚህ ሁኔታ አትንዱት፣ ፒስቶኑን ሊያቀልጥ ይችላል። ወደ ቆላ ወርዳችሁ ለምሳሌ አዋሽ በረሃ የምትነዱ ከሆነ የፋብሪካውን ጄት መልሱ። አሮጌውን ጄት ከመሣሪያዬ ሣጥን የማልለየው ለዚህ ነው።

የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውልቆ ክፍት ማጣሪያ መግጠም ለዓይን ያምራል። ሣጥኑ ግን የአየሩን ፍሰት ያረጋጋል፣ አቧራና ዝናብም ይከላከላል። እኔ ሣጥኑን አልነቅልም።

ለዳገቱ ሌላ ርካሽ መድኃኒት አለ። ካቴናው የሚዞርበት የፊቱ ጥርስ 15 ከሆነ በ14 ለውጡት። የኋላው 38 ሲሆን ይህ የመሳብ አቅሙን በ7 በመቶ ይጨምራል፤ ከፍተኛው ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ሰው ጭኖ ለሚወጣ ሰው ይህ ልውውጥ ያዋጣል። ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ ይቀየሩ፤ አዲስ ካቴና ያለቀ ጥርስ ላይ ዕድሜ የለውም።

የኤሌክትሪክ መስመሩ

አዲስ መስመር ስትዘረጉ በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሉት። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ተነሥቶ በመጀመሪያ ፊውዝ፣ ከዚያ የመነሻው ቁልፍ፣ ከዚያ ወደ መብራት፣ ወደ ፍሬቻ፣ ወደ ክላክስ ይሄዳል። ፊውዙ ለባትሪው በተቻለ መጠን ይቅረብ፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውምና። የ35 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት ሦስት አምፔር ገደማ ይወስዳል። የሌሎቹን እንዲሁ አስሉና ደምሩ፤ ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሞተር 10 ወይም 15 አምፔር ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ያለ መግጠም ወይም በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል እሳት መጥራት ነው።

አዲስ የተቀባ ሻንሲ የሚያመጣው አንድ ግራ የሚያጋባ ችግር አለ። መብራቱ ይፈዛል፣ ፍሬቻው አይብለጨለጭም፣ ሁሉም ነገር ግን አዲስ ነው። ምክንያቱ አሉታዊው መስመር የታሰረበት ቦታ ቀለም መሆኑ ነው። ቀለሙን በዳዶው ስፋት ልክ እስከ ብረቱ ፋቁ፣ እሰሩ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት። ሽቦው በመሪው አንገት በኩል ሲያልፍ ደግሞ መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ እስከ ቀኝ ጥግ አዙራችሁ እንዳይወጠርና እንዳይፋቅ አረጋግጡ። ሁለተኛው ሞተሬ በዝናብ መሐል ድርግም ብሎ የጠፋው እዚያ ቦታ ላይ፣ ሽፋኑ ተፍቆ ብረት በነካ አንድ ቀይ ሽቦ ምክንያት ነበር። ስትጨርሱ ሞተሩን አስነሥታችሁ ነዳጅ ሰጥታችሁ የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.8 ባለው መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ቮልት መጣኙ ተበላሽቷል፣ ባትሪውንም ያፈላዋል።

ቅርጹ

ፓራፋንጎን ማሳጠር ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይገባም። በሐምሌ ዝናብ የፊቱ ጎማ ጭቃውን ወደ ፊታችሁ፣ የኋላው ወደ ጀርባችሁና ከኋላ ወደሚመጣው ሰው ይረጨዋል። መሪውን ስትለውጡ የፍሪሲዮንና የፍሬን ኬብሎች ርዝመት አብሮ ይታይ፤ ዝቅ ያለ መሪ ለዓይን ያምራል፣ በትራፊክ መሐል ለሚውል የእጅ አንጓ ግን አይመችም። ወንበሩን ከወፍራም ስፖንጅ አሠሩ፤ ቆዳ ሰፊዎች በልካችሁ ይሠሩላችኋል። ማርሚታው ውስጥ ያለውን ድምፅ መቀነሻ ማውጣት ጉልበት አይጨምርም፤ አምስት ቤተሰብ በሚተኛበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚያጓራ ሞተር ይዞ መግባት ነውር ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ

ከመውጣታችሁ በፊት ከፊት ጎማ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያንዳንዱን ብሎን በመፍቻ ንኩ፣ የነካችሁትን በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጉበት። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲነሣና ሲወርድ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላላ፤ ሞተሩ ላይ ሰው ተቀምጦም ማየት አትርሱ። የፊት ፍሬን፣ የኋላ ፍሬን፣ የፍሬን መብራት፣ ሁለቱ ፍሬቻዎች፣ ክላክስ። የራስ ቁራችሁን አጥልቁ፣ ግቢው በር ላይ ሦስት ጊዜ ሂዱና ቁሙ፣ ከዚያ ብቻ መንገድ ውጡ።

የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር በሰፈር ዙሪያ ንዱና ተመለሱ። በነጭ ቀለም ያደረጋችሁት ነጥብ የተሰበረበት ዳዶ ካለ ላልቷል ማለት ነው፤ በእኔ ሞተሮች ሁለቱም ጊዜ የላላው የሾክ አብዞርበሩ የታችኛው ዳዶ ነበር። ራጂዎቹን እንደገና አዳምጡ፣ ካቴናውን አስተካክሉ። ፒስቶን ወይም ፋሻ ከለወጣችሁ 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ አውርዳችሁ በፀሐይ ተመልከቱት። እንደ ብር ዱቄት የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ከአዲስ ፋሻ የሚጠበቅ ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካያችሁ ግን ሞተሩን አታስነሡት፤ ወደ ጥጉ መልሱትና የጎን ሽፋኑን ክፈቱ፣ የብሎኖቹ ቦታ የተሳለበት ካርቶን አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏልና።